በቪዲዮ ጥሪ ስለሚደረግ የንግድ ንግግርና ስለ ጆሮ ማዳመጫ

ንግድ በቃል ይጀመራል፤ በጽሑፍ ይጸናል፤ በገንዘብ ይፈጸማል። የመጀመሪያው ከተበላሸ ሁለተኛውና ሦስተኛው እንደማይቃኑ ለነጋዴ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ዛሬ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚገኙ የንግድ ቤቶች ከአዲስ አበባ፣ ከጅቡቲ፣ ከዱባይና ከቻይና ጋር የሚለዋወጡት ቃል ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው በቪዲዮ ጥሪ ሲሆን፣ ያም ቃል ከአፍ ወጥቶ መጀመሪያ የሚገባው በጆሮ ላይ በተሰካች፣ ከባቄላ ፍሬ እምብዛም በማትበልጥ ገመድ አልባ መሣሪያ ውስጥ ነው። ይህች ሕዝቡ «ኤርፖድ» እያለ የሚጠራት የጆሮ ማዳመጫ በንግድ ንግግራችን ላይ የምታደርሰው የድምፅ ጉድለት ተገቢውን ሐሳብ ያገኘ አይመስለኝም። ስለዚህ በአንድ የንግድ ቤት በጸሐፊነት ከሃያ ዓመት በላይ ሳገለግል ካየሁትና ከሰማሁት ተነሥቼ ጥቂት ነገር ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ ደፈርሁ።

ሐሳቤ በአጭሩ ይህ ነው። በቪዲዮ ጥሪ ላይ «አይሰማም፤ ይቈራረጣል» የምንለው ችግር ሁሉ የኔትወርክ አይደለም። ቀላል የማይባለው ክፍል ከገዛ መሣሪያችንና ከአያያዛችን የሚመጣ ነው። የኔትወርኩን ጉድለት ነጋዴው በእጁ ሊያቃናው አይችልም፤ የጆሮ ማዳመጫውን ጉድለት ግን በጥቂት ደቂቃና በጥቂት ብር ሊያቃናው ይችላል። ሊቃና የሚችለውን ትቶ በማይቃናው ላይ ሲያማርሩ መዋል ለንግድ ሰው አይገባም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ኔትወርኩ ደካማ መሆኑ ስለ ታወቀ ብቻ የጉድለት ሁሉ ኃላፊነት በእርሱ ላይ ሲከመር እናያለን።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻለ ዕድል ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም በባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የመጣው ነጋዴ ወርቁን፣ ቡናውንና የዝሆን ጥርሱን አቅርቦ ሲገበያይ፣ ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ቆመው ዓይን ለዓይን ይተያዩ ስለ ነበረ፣ የቃል መሳሳት ቢኖር እንኳ አሞሌው ከመቈጠሩ በፊት ይታረም ነበር። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1894 ተጀመረ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ የቪዲዮ ጥሪ ከመሥሪያ ቤቶች አልፎ ወደ ሱቅና ወደ መጋዘን ገባ።

በዚህ ሁሉ ለውጥ መካከል አንድ ነገር ሳይታወቅ ተለወጠ። የቀድሞው ስልክ እጀታ አንዱ ጫፍ ለጆሮ፣ ሌላው ጫፍ ለአፍ ተብሎ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ተናጋሪው ቢፈልግም ባይፈልግም አፉን ከማይክራፎኑ አጠገብ ያደርግ ነበር። የዛሬዋ ገመድ አልባ ማዳመጫ ግን ማይክራፎኗም ከጆሮ ላይ ነው። ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቃ፣ የተናጋሪውን ቃል ከአካባቢው ጫጫታ ለይታ እንድትወስድ ይጠበቅባታል። ሥራው ከባድ፣ ሠራተኛዋ ግን ትንሽ ናት።

ኔትወርኩ ጉድለት የለበትም ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልኝ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ፣ ነጋዴው ለብዙ ወራት የቪዲዮ ጥሪ ቀርቶ የአንድ ዕቃ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ለመላክ ተቸግሮ እንደ ነበረ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ነገር ግን ይህን ያየ ሰው፣ መስመሩ በተገኘ ሰዓት «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» በማለት ግማሹን ጊዜ ሊያባክን አይገባውም። ጥማትን ያወቀ ውኃ አይደፋም።

አሁን የጉዳዩን ክብደት ላስረዳ። የንግድ ንግግር ከወግ የሚለየው ቍጥር ያለበት በመሆኑ ነው። በወግ መካከል አንድ ቃል ቢጠፋ ሰሚው ከዐረፍተ ነገሩ ግምት ያገኘዋል፤ ቍጥር ግን ከጠፋ በግምት አይገኝም። የአማርኛችን የቍጥር ስሞች ደግሞ በዚህ ረገድ ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ሠላሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ድምፅ ይጀምራሉ። «ሠላሳ» እና «ስልሳ» የሚለያዩት በአናባቢ ብቻ ነው። «ሰባት» እና «ሰባ» የሚለያዩት በመጨረሻዋ «ት» ብቻ ነው፤ ያችም «ት» ከዓይን ጥቅሻ ባጠረ ጊዜ የምታልፍ ቀጭን ድምፅ ናት። ድምፁ ለቅጽበት ሲቈረጥ ወይም ሲደፈን በቅድሚያ የሚጠፉት እንዲህ ያሉት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው። ከውጭ አገር ሰው ጋር በእንግሊዝኛ ስንነጋገርም «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»፣ «ሰርቲን» እና «ሰርቲ» እንደዚሁ ይምታታሉ።

ለምሳሌ ያህል አንድ የበቆሎ ነጋዴ 300 ኩንታል ለመሸጥ ሲስማማ፣ ዋጋው በኩንታል ሦስት ሺህ ስልሳ ብር ነው ቢል፣ ገዥው ግን ሦስት ሺህ ሠላሳ ብሎ ቢሰማው፣ ልዩነቱ በኩንታል 30 ብር ብቻ ቢመስልም በጠቅላላው 9,000 ብር ይሆናል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ግን ሁለቱም እውነተኞች ሆነው ሳለ አንዱ ሌላውን ውሸታም ነው ብሎ ማሰቡ ነው። የማውቀው አንድ የቡሬ የበርበሬ ነጋዴ፣ መርካቶ ያለው ደንበኛው «ስልሳ ኩንታል ጫንልኝ» ያለውን «ሠላሳ» ብሎ ሰምቶ ለስልሳ ኩንታል የሚበቃውን መኪና ግማሹን ባዶ አድርጎ ላከው፤ የጭነቱን ኪራይ ግን ሙሉ ከፈለ። ሁለቱም ኔትወርኩን ረገሙ። ኋላ ሲጣራ ግን የደንበኛው ማዳመጫ ብቻ ሲወጣ ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ። ለብዙ ዘመን አብረው የሠሩ ሰዎች ስለ ነበሩ በይቅርታ አለፉት፤ አዲስ ደንበኞች ቢሆኑ ኖሮ ግን በዚያው ይለያዩ ነበር።

መሣሪያዋ ይህን ጉድለት ለምን እንደምታመጣ ማወቅ መፍትሔውን ያቀላል። ማዳመጫዋና ስልኩ የሚነጋገሩበት የሬዲዮ ዘዴ ብሉቱዝ ይባላል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረ የዴንማርክ ንጉሥ ቅጽል ስም የተወሰደ ሲሆን፣ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድኑ የኤሪክሰን ኩባንያ ነው። ይህ ዘዴ ከተለመደው ዋይፋይ ጋር አንድ ዓይነት የሬዲዮ ሞገድ፣ ይኸውም 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚባለውን ይጠቀማል። ከሌሎች ጋር እንዳይጋጭም በ79 ጠባብ መስመሮች ላይ በሰኮንድ 1,600 ጊዜ ያህል እየዘለለ ይሠራል። ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ የሚያገለግለው ለአጭር ርቀት ነው።

ዋናው ምሥጢር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ድልድይ እናስብ። መኪናዎች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄዱ ከሆነ ትልልቅ ጭነት ያለማቋረጥ ያልፋል። ከሁለቱም ወገን በየተራ እንዲያልፉ ከተደረገ ግን የሚያልፈው ጭነት ይቀንሳል። የተለመደው የብሉቱዝ ማዳመጫም እንዲሁ ነው። ዘፈን ወይም ዜና ስናዳምጥ ድምፅ ወደ ጆሮ ብቻ ስለሚመጣ ጥራቱ መልካም ነው። በጥሪ ጊዜ ማይክራፎኑ ሲከፈት ግን መሣሪያው ወደ ሌላ ሥርዓት ይለወጥና ሁለቱም አቅጣጫዎች ይጠባሉ። በአሮጌው ሥርዓት የድምፁ ናሙና የሚወሰደው በሰኮንድ 8,000 ጊዜ፣ በተሻሻለው 16,000 ጊዜ ሲሆን፣ የሙዚቃ ሲዲ ግን 44,100 ጊዜ ይወስዳል። በ8,000 ናሙና ሊተላለፍ የሚችለው በሰኮንድ ከ4,000 በታች የሚርገበገበው ድምፅ ብቻ ነው። የ«ሰ»፣ የ«ጸ» እና የ«ፈ» ጥርት ያለው ክፍል ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ያለ ነው። ስለዚህ «ዘፈን ሳዳምጥ ደኅና ነው፤ ስናገር ግን እንደ ጕድጓድ ውስጥ ይሆናል» የሚል ሰው መሣሪያው ተበላሽቶበት ሳይሆን ተፈጥሮው ይህ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረት ይታወሰኛል። የማይክራፎኑን ጉድለት የሚሰማው ባለቤቱ ሳይሆን በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ነው። ባለቤቱ የሌላውን ድምፅ ደኅና ስለሚሰማ የራሱም እንዲሁ የሚደርስ ይመስለዋል። በዚያኛው ወገን ያለው ደግሞ፣ በተለይ በዕድሜ ታናሽ ከሆነ፣ «ጋሼ፣ ድምፅዎ አይሰማኝም» ማለትን ስለሚያፍር «እሺ፣ እሺ» እያለ ያልፈዋል። በጨዋነት የተሸፈነ አለመሰማማት በንግድ ላይ ከግልጽ ጠብ የበለጠ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ የንግድ ቤት አለቆች ታናሾቻቸውንና ጸሐፊዎቻቸውን «አልሰማሁም ማለት ነውር አይደለም» ብለው በግልጽ ቢፈቅዱላቸው መልካም ነው።

የችግሩ ምንጭ ከወዴት እንደሆነ ለመለየት ሦስት ቀላል ፈተናዎች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ጥሪው ሳይዘጋ ማዳመጫውን አውጥቶ በራሱ በስልኩ መነጋገር ነው፤ ድምፁ ከተስተካከለ ጥፋቱ የማዳመጫው ነው፤ ካልተስተካከለ ወደ ኔትወርኩ መሄድ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ምስሉን ማየት ነው፤ ምስሉም ድምፁም አብረው የሚቆሙ ከሆነ መስመሩ ደክሟል ማለት ነው፤ እንዲያ ሲሆን ካሜራውን ዘግቶ በድምፅ ብቻ መቀጠል ለመስመሩ ሸክም ያቀልለታል። ምስሉ ያለማቋረጥ እየሄደ ድምፁ ብቻ የሚታፈን ከሆነ ግን ማዳመጫውን መጠርጠር ይገባል። ሦስተኛ፣ ከጥሪው በፊት በስልኩ የድምፅ መቅጃ ወይም በቴሌግራም ለራስ የድምፅ መልእክት በመላክ ድምፅን ቀድቶ መስማት ነው፤ የሚያዳምጡት ግን የተቀዳው በማዳመጫው ማይክራፎን መሆኑን አረጋግጠው ይሁን። ይህ ሁሉ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ምንጩ ከታወቀ በኋላ መድኃኒቱ ይከተላል። ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ጆሮንና አፍን መለየት ነው። በላፕቶፕ የሚነጋገር ሰው በዙም ወይም በጉግል ሚት የድምፅ ማስተካከያ ክፍል ገብቶ መስሚያውን ማዳመጫው፣ መናገሪያውን ግን የላፕቶፑ የራሱ ማይክራፎን እንዲሆን ሊመርጥ ይችላል። ያን ጊዜ ማዳመጫው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሠራ የሚመጣው ድምፅም የሚሄደውም ይጠራል። በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ አንዱ ማዳመጫ በሁለት ስም፣ አንዱ «ስቴሪዮ» ሌላው «ሀንድስ ፍሪ» ተብሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ለመስማት ስቴሪዮውን መምረጥ ይገባል። በእጅ ስልክ ላይ ግን እንዲህ መለየት በአብዛኛው ስለማይቻል፣ ለቍም ነገር ጥሪ ማይክ ያለበትን ባለገመድ ኤርፎን መጠቀም ይሻላል። የባለገመዱ ማይክራፎን በገመዱ ላይ ከአገጭ በታች ስለሚውል ለአፍ ይቀርባል፤ ባትሪ አይፈልግም፤ ከሌላ ስልክም ጋር አይጣበቅም። አዲሶቹ ስልኮች ክብ ቀዳዳ ስለሌላቸው «ታይፕ ሲ» የሚባለውን ዓይነት መግዛት ያስፈልግ ይሆናል። ዋጋው ከአንድ ኩንታል በቆሎ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

ገመድ አልባውን የግድ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ጥቂት ነገሮችን ልብ ይበል። ማዳመጫው ከዚህ በፊት ከብዙ ስልኮች ጋር ተገናኝቶ ከሆነ፣ በጥሪ መካከል ወደ ሌላው ስልክ ሊሄድ ይችላል። በንግድ ቤት ውስጥ አንዱን ማዳመጫ ባለቤቱም፣ ልጁም፣ ሾፌሩም የሚጠቀሙበት ከሆነ ይህ የዘወትር ችግር ነው። መፍትሔው የሌሎቹን ስልኮች ብሉቱዝ መዝጋት፣ ወይም የቀድሞውን ግንኙነት ሰርዞ እንደ አዲስ ማገናኘት ነው። አንደኛው ጆሮ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሁለቱንም ወደ ማስቀመጫቸው መልሶ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ሌላው ሰው ጨርሶ የማይሰማን ከሆነ ደግሞ መተግበሪያው ማይክራፎን እንዲጠቀም ፈቃድ የተሰጠው መሆኑን በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ መመልከት ያስፈልጋል። ይህ ፈቃድ አንድ ጊዜ በስሕተት ከተከለከለ ማዳመጫ መለወጥ ምንም አይጠቅምም።

ስልኩ የሚቀመጥበት ቦታም ዋጋ አለው። የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ይህን የሬዲዮ ሞገድ ይውጠዋል። ስልኩን በኋላ ኪሱ ከትቶ፣ በላዩ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚነጋገር ሰው ድምፁ ቢቈራረጥ ሊደነቅ አይገባውም፤ ስልኩን ከፊቱ ጠረጴዛ ላይ ቢያኖረው ይስተካከላል። ባትሪውንም ቢሆን መብራት በሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ሌሊት ሞልቶ ማደር የጸሐፊ ተግባር ነው፤ መነጋገር ከማዳመጥ ይልቅ ባትሪ ይበላልና። በበርበሬና በእህል መጋዘን የሚውሉ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ በተለይ ሊያስቡበት የሚገባው የብናኝ ጉዳይ ነው። የማይክራፎኗ ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ ብዙም ስለማይበልጥ የበርበሬ ብናኝ፣ ዱቄትና የጆሮ ኵክ በቀላሉ ይደፍኑታል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማጽዳት እንጂ በውኃ መንከር ወይም በመርፌ መጐርጐር አይገባም።

ስለ ጫጫታም ጥቂት ልበል። ከሱቃችን አጠገብ ወፍጮ አለ፤ ጄኔሬተር አለ፤ አስፋልቱ ላይ ሲኖትራክ ያልፋል፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይሰማሙም። ዘመናዊዎቹ ማዳመጫዎችና መተግበሪያዎች ጫጫታን ለይተው የሚያጠፉበት ብልሃት አላቸው። ነገር ግን ጫጫታው ሲበረታ ከገለባው ጋር ፍሬውን አብሮ እንደሚያበጥር ሰፌድ፣ ከጫጫታው ጋር የተናጋሪውን ቃል ይቈርጡታል። ስለዚህ በዝናብ ሰዓት ጥሪውን ወደ ሌላ ጊዜ ማዛወር፣ ወይም ጣራው ኮርኒስ ወዳለው ክፍል መግባት ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል። ባዶ መጋዘን ውስጥ መነጋገርም የገደል ማሚቶ ያመጣል፤ ከረጢት በተደረደረበት በኩል ግን ድምፁ ይረጋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነው በሁለት ስልክ ወደ አንድ ስብሰባ የገቡ እንደሆነ የአንዱ ድምፅ ማውጫ ወደ ሌላው ማይክ እየገባ ጩኸት ይፈጥራልና፣ አንደኛው መዝጋት አለበት።

«ውድ ማዳመጫ ብንገዛ ይህ ሁሉ አይመጣም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዝርዝሩ ተጠናቅቆ የወጣው ኤል ኢ ኦዲዮ የተባለው አዲሱ የብሉቱዝ ሥርዓት የድልድዩን መጥበብ በብዙ ያቃልላል። ነገር ግን ማዳመጫውም ስልኩም ሁለቱም ያንን ሥርዓት የሚያውቁ መሆን አለባቸው፤ ከሁለቱ አንዱ የቀድሞውን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ንግግሩ በቀድሞው ይሆናል። ከዚህም በቀር ውድ ማዳመጫ የቆርቆሮውን ዝናብ ጸጥ አያሰኝም፤ ከአፍ ያለውንም ርቀት አያሳጥርም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነው። ሌሎች ደግሞ «ባለገመዱ ለትልቅ ነጋዴ አይመጥንም፤ ያሳንሳል» ይላሉ። የነጋዴ ክብር በቃሉ መታመን እንጂ በጆሮው ጌጥ እንዳይደለ ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን ማስረዳት አያሻኝም።

መሣሪያው ቢስተካከልም እንኳ የንግድ ሥርዓት ሊቀር አይገባም። ቍጥር ሁሉ ሁለት ጊዜ ይነገር፤ ሁለተኛው ጊዜ አኃዝ በአኃዝ ይሁን፤ «ሦስት ሺህ ስልሳ፣ ማለት ሦስት፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ ዜሮ» እንደማለት ነው። ተቀባዩም «እሺ» ከማለት ይልቅ የሰማውን መልሶ ይንገር። አስመጪዎች በዚህ ረገድ ከኮንቴይነር ቍጥር ትምህርት ሊወስዱ ይችላሉ። የኮንቴይነር ቍጥር አራት የላቲን ፊደላትና ሰባት አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ የመጨረሻዋ አኃዝ ከፊተኞቹ ተሰልታ የምትገኝ መፈተኛ ናት፤ ከፊተኞቹ አንዱ ተሳስቶ ቢጻፍ ብዙ ጊዜ ታጋልጣለች። የዓለም የመርከብ ነጋዴዎች የሰው ጆሮና እጅ እንደሚሳሳት አስቀድመው አስበው መፈተኛ ካኖሩ፣ እኛም ለዋጋና ለኩንታል ቍጥራችን መልሶ መንገርን መፈተኛችን ብናደርገው ምን ይጐዳናል?

ጥሪው እንዳለቀም ጸሐፊው የተስማሙበትን ዕቃ፣ ብዛት፣ ዋጋና የማስረከቢያ ቀን በአጭሩ ጽፎ በቴሌግራም ወይም በኤስ ኤም ኤስ ይላክ፤ መልስም ይጠይቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስሕተት ውልን ለማፍረስ ምክንያት ሊሆን የሚችልበትን ሁኔታ ደንግጎአል፤ ነገር ግን «ስልሳ ነው ያልሁት» የሚለውን በማስረጃ ማሳየት የተከራካሪው ፈንታ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለ ሰጠ፣ አንዲት አጭር መልእክት ለአንድ ዓመት ክርክር መከላከያ ልትሆን ትችላለች። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ሲጻፍ ይከበራል።

በመጨረሻም ሁለት ሐሳቦች በማክበር አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ለሞባይል ሱቆችና ለአስመጪዎቻቸው ነው። ገዥው ማዳመጫ ሲመርጥ ዘፈን ብቻ እየተከፈተለት «ድምፁ ይጥማል» ተብሎ ይሸጥለታል፤ ማይክራፎኑን የሚፈትንለት ሻጭ ግን እምብዛም የለም። የታወቁ ኩባንያዎችን ቅርፅ ብቻ አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎች በገበያው በበዙበት ጊዜ፣ ከመሸጥ በፊት ከሱቁ ውጭ ቆሞ ወደ ገዥው ስልክ ደውሎ ማናገር ሻጩን ምንም አያስወጣውም። ደንበኛውን ግን ዘላቂ ያደርግለታል። ሁለተኛው ለንግድ ምክር ቤታችን ነው። ለጸሐፊዎችና ለሱቅ ሠራተኞች በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የግማሽ ቀን ትምህርት ቢዘጋጅ፣ ማይክ መምረጥን፣ ማዳመጫ ማገናኘትንና ማጽዳትን፣ ቍጥር መልሶ መናገርንና የጥሪ ማረጋገጫ መጻፍን በዚያች ግማሽ ቀን ማስተማር ይቻላል። ወጪው ትንሽ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ወጣት በየከተማችን አይታጣም።

ገበሬው አንድ ዓመት ደክሞ ያመረተውን በቆሎና በርበሬ፣ ነጋዴው ተበድሮ የጫነውን ዕቃ፣ በአንዲት ያልተሰማች «ት» ወይም በአንድ በተዋጠ አናባቢ ምክንያት ማጕደል ያሳዝናል። ኔትወርኩን የሚያስተካክሉት ባለሥልጣኖቹና ድርጅቶቹ ናቸው፤ እነርሱን መጠየቃችንን አናቋርጥ። ከጆሮአችን ላይ ያለውን ግን የምናስተካክለው እኛው ነን፤ የሚቀጥለው ጥሪ ከመደወሉ በፊትም ሊስተካከል ይችላል።